የሕዝብ ብዛት፦ መካከለኛ

ቱሉ ዲምቱ ጥግ፣ ብሎክ መቶ አሥራ ሁለት፣
ከሥር ሱቁ ውስጥ ናት የኔ ጌም ቤት ማለት።
ሦስት ኮምፒውተር፣ አምስት ወንበር አለኝ፤
ስድስተኛው ወንበር ባለፈው ጎደለኝ።
ነፋስ ከኮዬ ፈጬ ቀይ አቧራ ይዞ
ማራገቢያው ድረስ ይገባል ተጉዞ፤
እሑድ እሑድ ከፍቼ በቡርሽ እጠርጋለሁ፣
እንደ ሕፃን አፍንጫ ቀስ ብዬ አጸዳለሁ።

ገመቹ ይመጣል መኪናቸው ሲያርፍ፣
የሲኖትራክ ረዳት፣ ጠጠር ሲያራግፍ
ቀኑን ሙሉ ውሎ። መሪ ማን ይሰጠዋል?
እዚህ ግን በሃያ ብር እሱም ይጨብጠዋል።
ከተማ ይነዳል፣ ባሕር የከበባት፣
አስፋልቷ ረጥቦ ዝናብ የዘነበባት።
ድልድዩ ላይ ሲሄድ እንደ ዘይት ይፈስሳል፤
ገበያው ጋ ሲደርስ ይንተባተባል፣ ያነክሳል፤
መሪውን አዙሮ ሥዕሉ እስኪደርስ
መኪናው ግንብ ላይ ነው፣ መስታወቱ ፍርስ።
«ያንተ ማሽን» አለኝ «ክላች ያንሸራትታል፤
ደሞ ሲሞቅ ጊዜ ጎማ ጎማ ይሸታል።»

እኔም እንደ ልማዴ ሥዕሉ ላይ ዘመትኩ፤
ጥራቱን አወረድኩ፣ ነጸብራቁን ቀነስኩ፣
የጠርዝ ማለስለሻውን፣ ጭጋግና ጢሱን
አወለቅኩት ሁሉን፣ እንደ ሰው ልብሱን።
ከተማዋ ደበዘዘች፣ ፊቶች ተደፈኑ፣
ዛፎቹ ተቆርጠው የብስኩት ካርቶን ሆኑ።
ግን ያው ነው። ገበያው ጋ ያው መንተባተቡ፣
ያው ድንገት ፊት ለፊት ብቅ የሚል ግንቡ።

ከዚያ ወዲያ ነው ቁጥሮቹን ያየሁ፤
(መጀመሪያ ማየት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ።)
ግራፊክስ ካርዱ፦ ሠላሳ ስምንት በመቶ፣
እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል ተዝናንቶ።
ፕሮሰሰሩ፦ መቶ። ሙሉ፣ ጢም፣ ሊፈነዳ፤
ለካ ሳስከፍል ኖሬ አንዱን የሌላውን ዕዳ።

በበሩ አሳየሁት ያላለቀውን ፎቅ፦
«ቀቢው ቢሆን ፈጣን፣ ቀለሙም ቢያንጸባርቅ፣
ግንበኛው ግድግዳውን ካላቆመ ምን ሊቀባ?
ባልዲው ላይ ይቀመጣል ፀሐይ እስክትገባ።
ካርዱ ያ ቀቢ ነው፤ ጥላና ብርሃን ይቀባል፤
ፕሮሰሰሩ ግንበኛ ነው፤ ያሰላል፣ ያስባል፤
አትክልት የምትሸጠው፣ ጃንጥላ ይዞ የሚያልፈው፣
ታክሲው፣ ውሻው፣ ርግቡ — እሱ ነው የሚያሰልፈው።»

ቅንብሩ ውስጥ ገባሁ። «የሕዝብ ብዛት» ይላል።
«ከፍተኛ» ነበር፤ «ዝቅተኛ» አልኩት። ማን ይከለክላል?
እና ፈሰሰ! ገበያውም እንደ ድልድዩ፣
ስልሳ፣ ስልሳ፣ ስልሳ — ቁጥሮቹ ሲታዩ።

ገመቹ አንድ ዙር ዞረ። ሞተሩን ሳያጠፋ
ገበያው መሀል ቆመ። ጡሩምባ የሚነፋ፣
የሚሳደብ የለም። ቲማቲም ተቆልሎ፣
ሻጭ የለ። ገዢ የለ። አንድ ውሻ ብቻ፣ ጅራቱን ጠቅልሎ።
«ሰዎቹስ?» አለኝ። «ቀነስኳቸው» አልኩት።
«ወዴት?» አለ። ይህንን ቅንብሩ ውስጥ ፈለግኩት።

«እናቴ» አለኝ ቀስ ብሎ «እዚህ ማዞሪያው ላይ
ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፣ በላስቲክ ሥር፣ በፀሐይ።
መንገዱ ሲሰፋ ተነሱ ባንድ ማታ፤
ሹፌራችን ደስ አለው፤ ‹ተመስገን› አለ ‹ተፈታ›።
እውነቱን ነው፣ ይፈስሳል። ስናልፍ አያለሁ።
ሽንኩርቱ ግን አልጋዬ ሥር ነው፤ ሲሸተኝ አድራለሁ።»

ሕዝቡን መለስኩለት። ሁሉንም ባይሆን — «መካከለኛ»፤
(ማሽኗ አሮጌ ናት፤ እኔ ባለቤቷ ሦስተኛ።)
ፍጥነቱን ሠላሳ ላይ ገደብኩት፣ እንዳይዋዥቅ፤
ለቀቢውም ሥራ ሰጠሁት፤ ይሥራ እንጂ፣ ምን ይጠብቅ!
ጥራቱን ከፍ፣ ነጸብራቁን ከፍ፣ ብርሃኑን ከፍ አደረግኩ፤
አንድም ቁጥር አልወረደም። ለራሴ ገርሞኝ ሳቅኩ።

አሁን እርጥቡ አስፋልት ላይ የአንዲት ሴት ጃንጥላ
ተገልብጦ ይታያል፣ ቀይ፣ ከነጠብታው፣ ከነጥላ።
ገመቹ ፍሬን ያዘላት። ሴትየዋ አልቸኮለችም።
ጠበቃት። ሃያ ብሩ አለቀ፤
እሷ ገና አልተሻገረችም።